የአጎት ኦዜሜ ጀርባ

ይህን የምጽፈው ቀኝ እጄን እናቴ መቃብር ላይ አድርጌ ነው። ፊደሌ የተንጋደደው በግራዬ ስለምጽፍ ነው። ከተማችን ኦፔሉሳስና ዙሪያዋ የሚኖር ሰው ሁሉ «ቴልስፎር ካወራው ግማሹን ጣል፤ ከቀረውም ላይ ግማሹን ጣል» እንደሚል አውቃለሁ። ይበል። ይሄኛው ግን የሚጣል የለውም። ዋሽቼ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ የምቀዳው ሁሉ ጩኸት ብቻ ይሁን።

ሥራዬ ባንድ መቅዳት ነው። ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል በበር ስገባ ቆይቼ በመስኮት ወጣሁ፤ የቀረውን የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ ስፈታ ነው። ስቱዲዮዬ የአያቴ የዶሮ ቤት ነበር። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ለብጬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከበሮው ጠንከር ብሎ ሲመታ ከጣሪያው ላባ ይረግፋል።

ባንዱ መድረክ ላይ ሲጫወት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ማይክ እሰጠዋለሁ፤ እያንዳንዱ ማይክ በየራሱ መስመር ይቀዳል። በኋላ ዶሮ ቤቴ ገብቼ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረግሁ ሚክስ አደርገዋለሁ። ታዲያ ሌላውን ሁሉ ዘግቼ አንዱን ሰው ብቻውን መስማት እችላለሁ። ሦስት መቶ ጨፋሪ ያልሰማውን እኔ እሰማለሁ። ከበሮ መቺ እየመታ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ዘፋኝ በሁለት ስንኝ መሃል ቋሊማ ሲያላምጥ ሰምቻለሁ።

አንድ የሥራ ምስጢር ደግሞ ላውጣ። ሚክሰሬ ላይ ከምንም ጋር ያልተያያዘች አንዲት ቀይ ማዞሪያ አለች። ሙዚቀኛ ሁሉ ቅጂውን ሊሰማ ሲመጣ «የኔን ትንሽ ጨምርልኝ» ማለቱ አይቀርም። ቀይዋን ቀስ አድርጌ አዞርለታለሁ። «አሁን ገና ሆነ!» ብሎ መርቆኝ ይሄዳል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚች ማዞሪያ ስንቱን አስደስቻለሁ።

አጎት ኦዜሜ አጎቴ አይደሉም፤ አገሩ ሁሉ አጎት ስለሚላቸው ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አኮርዲዮን ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ባንዱም የሳቸው ነው። ሚስታቸው አክስት ዴልፊን ሸንተረር ሸንተረር ያለ ቆርቆሮ እንደ ጥሩር ደረታቸው ላይ አጥልቀው በሁለት ማንኪያ ይፍቃሉ። ቤዝ ጊታሩን የሚመታው የአጎት ኦዜሜ የእህት ልጅ ሉሲየን ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ መልከ መልካም ነው፤ ይህንንም ያውቃል። አጎት ኦዜሜ ሲጫወቱ ጀርባቸውን ከበስተኋላቸው በቆመው የሉሲየን የቤዝ ስፒከር ላይ ደገፍ ያደርጋሉ። ቁመቱ የሰው ደረት የሚደርስ፣ ክብደቱም እንደ ሬሳ ሳጥን የሆነ ስፒከር ነው። «ወገቤን ነው» ይላሉ። በሰባ አንድ ዓመቱ ወገቡን የማያመው ማን አለ?

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ፣ በረንዳቸው ላይ የአገራችንን ወፍራም ሾርባ፣ ጉምቦ እየበላን ሳለ ነው። ሉሲየን ሳህኑን ገፋ አደረገና ተናገረው።

«አጎቴ፣ እንግዲህ ደክመዋል። ባንዱን ለኔ ይልቀቁልኝ።»

«ማን ነው የደከመው?» አሉ አክስት ዴልፊን። ለባላቸው ሁልጊዜ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ ምላሳቸው ስል ነው ብለን ለምደነዋል።

«ባለፈው ሦስት ጊዜ ስጠራቸው አልሰሙኝም።»

«ከዚህ ባንድ ውስጥ ጤነኛ ጆሮ ያለው ማን አለና? ቴልስፎር እንኳ ካልጮህክበት አይዞርም!»

«እ?» አልኩ እኔ።

«ይኸው!»

አጎት ኦዜሜ የሉሲየንን አፍ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ቅዳሜ ይቀዳ» አሉ። «አሥራ ሁለት ዘፈን፣ ሕዝብ ፊት። ሁላችንም ተቀምጠን እንሰማዋለን። አንድ ቦታ ተሳስቼ ከተገኘሁ አኮርዲዮኔን ሰቅዬ ባንዱን እሰጥሃለሁ። ካልተገኘሁ ግን እስክሞት ድረስ ቤዝህን እየመታህ ዝም ትላለህ።»

«የሚቀዳው ማን ነው? ቴልስፎር?» አለ ሉሲየን። «እሱማ ያጭበረብራል።»

አስማሉኝ። ስህተት ላልሸፍን፣ አንዱን መስመር ወዲያ ወዲህ ላልገፋ፣ በእናቴ መቃብር ማልኩ። መቃብሩን ከዚያ ወዲህ ነው የለመድኩት።

የኛ አገር የቅዳሜ ጭፈራ በጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። የዕለቱን ሙቀት አትጠይቁኝ፤ ማይኮቹ ራሳቸው አልቧቸው በፎጣ እጠርጋቸው ነበር። ሕዝቡ ወለሉን ሲረግጠው አዳራሹ ከድንጋይ እግሮቹ ላይ አንድ ስንዝር ወደ ደቡብ ሄደ፤ በማግሥቱ ደረጃውና በሩ አልገጥም ብለው አናጺ ተጠርቷል። አናጺውን ጠይቁት።

ሰባተኛው ዘፈን ሲደርስ ሉሲየን ወደ ፊት ወጥቶ ለሴቶቹ እየጨፈረ ሊመታ ፈለገ። ገመዱ አልደርስ ሲለው ስፒከሩን በእግሩ እየገፋ ወደ መድረኩ ጫፍ ወሰደው። አጎት ኦዜሜ ጀርባቸውን ወደ ኋላ ሲጥሉ ባዶ ሆነባቸውና ተንገዳገዱ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና ዘፈኑን ጀመሩት። እንዳለቀ አክስት ዴልፊን ስፒከሩን በዳሌያቸው እየገፉ ቦታው መለሱት። ይህን ሁሉ ከሚክሰሬ ኋላ ሆኜ አይቻለሁ። አይቼ ግን ምንም አላስተዋልኩም።

ሰኞ አጎት ኦዜሜ ሚክሱን ሊሰሙ ብቻቸውን መጡ። አክስት ዴልፊን ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደዋል።

«እሺ አንተ ውሸታም፣ አሰማኝ» ብለው ስፒከሮቹ ፊት ተቀመጡ።

ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የመጀመሪያውን ዘፈን ለቀቅሁት። በስክሪኑ ላይ አረንጓዴዎቹ መብራቶች ከፍ ዝቅ ማለት ጀመሩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው በእግራቸው ወለሉን ይመቱ፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ጀመር።

«ቤዙ ትንሽ በዛ» አሉ።

ቀነስሁት።

«የኔን ትንሽ ጨምርልኝ።»

ቀይዋን አዞርኩ።

«አሁን ገና!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

በልቤ እየሳቅሁ ሁለተኛውን ዘፈን ለቀቅሁና አንገቴ ስላላበኝ ማዳመጫውን አወለቅሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የሚሰማው ማራገቢያውና የሽማግሌው ጫማ ብቻ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቀና ብዬ ስፒከሮቹን ሳይ መብራታቸው ጠፍቷል። ጠዋት እህቴ ስትደውልልኝ አጥፍቻቸው ረስቻለሁ። እኔ በማዳመጫ እየሰማሁ፣ ሽማግሌው አንድ ዘፈን ሙሉ በዝምታ ሲደሰቱ፣ ቤዝ ሲያስቀንሱ፣ ሲያለቅሱ ነበር።

ክው አልኩ። በስንቱ ላይ ቀልጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ደርሶብኝ አያውቅም።

ምናልባት ሐሳብ ይዟቸው ይሆናል አልኩ። ከኋላቸው ቆሜ «አጎት ኦዜሜ፣ ሱሪዎ እየተቃጠለ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አልዞሩም። ጥግ ላይ የቆመ የከበሮ ጸናጽል ነበረኝ፤ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ከጣሪያው አንድ ጆንያ ላባ ወረደ፤ የራሴ ጆሮ እስከ ማግሥቱ ጭው ሲል አደረ። አጎት ኦዜሜ ትከሻቸው ላይ ያረፈውን ላባ በሁለት ጣታቸው አንስተው «ዛሬም ዶሮ ታረባለህ?» አሉኝ።

ከዚያ ዞሩ። ፊቴን አዩ፤ መሬት የወደቀውን ጸናጽል አዩ፤ ቀጥሎ የጠፋውን የስፒከር መብራት አዩ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ እንደ መጋረጃ ወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?» አሉ።

«ከመጀመሪያው» አልኩ፣ ከከንፈሬ እንዲያነቡት አፌን አጉልቼ።

«የኔ ሦስት ዓመቱ ነው» አሉ። «የግራው ጆሮዬ አራት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፤ ቆሜ የምችለው ነገር አልነበረም። ሦስት ዓመት! መቶ ሃምሳ ቅዳሜ! «ታዲያ እንዴት ነው የሚጫወቱት?»

«አኮርዲዮኑ ደረቴ ላይ ነው፤ የራሴን በደረቴ እሰማለሁ። ሉሲየን ሲመታ ደግሞ ከዚያ ስፒከር በጀርባዬ ይገባልኛል። እያንዳንዷን ምት በአከርካሪዬ ነው የምቆጥራት። መሃል ላይ እኔ አለሁ።»

«ሉሲየን ያውቃል?»

«ቢያውቅ ስፒከሩን ከኋላዬ ያነሳው ነበር? ሰባተኛው ላይ ሲወስድብኝ ጉድጓድ የገባሁ መሰለኝ። በግምት ነው የወጣሁት።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «እስኪ በሞቴ ንገረኝ፣ ተሳስቻለሁ? እኔ እኮ አላውቀውም። ዴልፊንም ስታባብለኝ ነው እንጂ እውነቱን አትነግረኝም። ያ አኮርዲዮን ከተሰቀለ እኔም አብሬው ነው የምሰቀለው።»

«ሰባተኛው ጋ ገና አልደረስኩም» አልኩ።

«ለሰው ታወራለህ?»

«አላወራም።»

«ብታወራስ? አንተን ማን ያምንሃል!» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ይህን ታሪክ ልጻፈው ወይ ብዬ በቅርቡ ስጠይቃቸውም የመለሱልኝ ይህንኑ ነው።

እንደ ሄዱ ሰባተኛውን ከፈትሁ። ቤዙና አኮርዲዮኑ አልተገናኙም። ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ በር እኩል ሊያልፍ ሲታገል አይታችኋል? እንደዚያ ነው። አዳራሹ ውስጥ በጩኸትና በጭብጨባ ተሸፍኖ ነበር፤ እዚህ ግን ራቁቱን ቀረ። ሽማግሌው አለቀላቸው አልኩ።

ሁለት ቀን እጄ ሊሰርቅ ተነሣ። ቤዙን በጥፍር ስፋት ወደ ፊት ብገፋው ማንም አያውቅም። መሐላዬ ነው የያዘኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የያዘኝ ግን ረቡዕ ጠዋት ሉሲየን በሩን በርግዶ መግባቱ ነው።

«ሰባተኛውን አሰማኝ» አለ። «እዚያ ላይ የሆነ ነገር ሸቶኛል።»

አሰማሁት። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፣ ከወንበሩ ዘለለ። «ይኸው! ይኸው ሳቱ! አልነገርኳችሁም? ባንዱ የኔ ነው!»

ግን ለረጅም ጊዜ በሠራሁበት ሥራ አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ ሁለት መስመር ሲጣላ አንድ በአንድ እየዘጋሁ ሌሎቹ ከማን ጋር እንደሄዱ እሰማለሁ። ሽማግሌውን ለማዳን አስቤ አልነበረም፤ ግራ ሲገባኝ እጄ በልማዱ ሠራው። ቤዙን ዘጋሁ። ከበሮው፣ ቆርቆሮው፣ አኮርዲዮኑ እንደ አንድ ሰው ልብ ይመታሉ። ቤዙን ከፍቼ አኮርዲዮኑን ዘጋሁ። ቤዙ ከከበሮውም ከቆርቆሮውም ጋር አልገጠመም፤ ብቻውን ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ሉሲየን «ድገመው» አለ። ደገምሁት። አምስት ጊዜ ደገምሁት።

«እኔ ነኝ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አንተ ነህ» አልኩ። እኔም ገና መስማቴ ነበር፤ ከሱ ይልቅ የደነገጥሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ምንም ሳይሰሙ በግምት ሮጡ፤ ከበሮውና ቆርቆሮውም ተከተሏቸው፤ ለሴቶቹ ሲውረገረግ የቀረው ጆሮ ያለው ነው።

ሉሲየን ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንድ ነገር አልገባኝም። አጎቴ እኮ ጥለውኝ ሄደው አያውቁም። ይኸው ስንት ዓመት እኔን ተጠግተው ነው የሚጫወቱት። ሌላ ዘፈን አምጣ።»

ሦስተኛውን አመጣሁ። ዘጠነኛውን አመጣሁ። አኮርዲዮኑ በሁሉም ቤዙን ይከተላል፤ በፀጉር ስፋት፣ ግን ሁልጊዜ ኋላ። ሰባተኛው ላይ ብቻ ነው የተፈታው።

«ሰባተኛው ላይ ምን የተለየ ነገር አደረግሁ?» አለ ለራሱ። ደደብ ልጅ አይደለም። ሰባተኛው እንዳለቀ በቆርቆሮው ማይክ ስፒከሩ ወለሉ ላይ ሲጎተት ይሰማል፤ ከዚያ የአክስት ዴልፊን የተቆጣ ድምፅ፦ «ምነው ይሄ ልጅ! የሰውዬውን ጆሮ ይዞት ሄደ እኮ!»

ሉሲየን ቀስ ብሎ ቀና አለ። ወደ እኔ አየ። እኔም መዋሸት እንደማያውቅ ሰው ጣሪያውን አየሁ።

«ስፒከሩን…» አለ። «ጀርባቸውን… አይሰሙም?» ፊቱ አመድ መሰለ። «በኔ ነበር የሚሰሙት?»

ተነሥቶ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋም። እኔ በዚያ ቀን ምግብ አልበላሁም። ውርርዱን ተሸንፏል፤ እጁ ላይ ግን ከውርርዱ የሚበልጥ ነገር ይዞ ነው የሄደው። «መሪያችሁ ደንቆሮ ነው» ብሎ አንድ ቅዳሜ ማይክ ላይ ቢናገር አኮርዲዮኑ በዚያው ቀን ይሰቀላል።

ሐሙስ ሁሉም ዶሮ ቤቴ ተሰበሰቡ። አክስት ዴልፊን ያበጠ ጉንጫቸውን በሻርፕ አስረዋል። አጎት ኦዜሜ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ያያሉ። ስድስት ዘፈን አለፈ። ሰባተኛው ጀመረ፤ ቤዙና አኮርዲዮኑ ተጋጩ። አክስት ዴልፊን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሉሲየን እጁን አወጣና አስቆመኝ።

ተነሥቶ ሄዶ አጎቱ ፊት በርከክ አለ። ፊቱን ከፊታቸው ጋር አስተካክሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብሎ «እዚህ ጋ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎ አልተሳሳቱም።»

አክስት ዴልፊን ያንን ያበጠ ጉንጫቸውን ረስተው «ኢየሱስ!» ብለው ጮኹ። ማወቁን ከአነጋገሩ ለይተውታል። አጎት ኦዜሜ የልጁን አፍ አዩት፤ ዓይኑን አዩት፤ መልሰው አፉን አዩት።

«ሌላ የሚባል አለ?» አለ ሉሲየን ወደ እኔ ዞሮ፣ ቆጣ ብሎ። «ምን ታፈጣለህ? ስምንተኛውን ልቀቅ!»

ለቀቅሁት።

በቀጣዩ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ገመድ ልዘረጋ አዳራሹ ስደርስ ሉሲየን ቀድሞኝ መጥቷል። መዶሻ ይዟል። ስፒከሩን ከአጎቱ መቆሚያ ኋላ አቁሞ በአራት ማዕዘኑ ጣውላ እያደረገ በረጃጅም ሚስማር ከወለሉ ጋር ይመታዋል። አጎት ኦዜሜ አኮርዲዮናቸውን አንግተው ገቡና መዶሻው ሲወርድ ቆመው አዩ። የመጨረሻዋ ሚስማር ስትገባ መጥተው ጀርባቸውን አስደገፉ። ሉሲየን ቤዙን አነሣና አንዲት ክር መታ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከደኑ። ሉሲየንም ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ «አጎቴ፣ እኔን ይደገፉ» አላቸው።

ይቺን የመጨረሻዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሉሲየን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አፉ ውስጥ የተረፉትን አራት ሚስማሮች ነክሶ ነበር።